«ሞታቸውን ደብቀው አገር አዳኑ»፦ የማንን አገር?

ሆጤ፦
ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ሐረጎን እየወጣን አንድ እንግዳ ስለ ዐፄ ምኒልክ ሞት ያወራል። «መኳንንቱ ሞታቸውን ደብቀው አገር አዳኑ» አለና አረፈው። ጋዜጠኛዋም «በጣም ደስ ይላል» ብላ ዘፈን ጋበዘችን። ምኑ ነው ደስ የሚለው? ንጉሡ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሞቱ። ነጋሪት አልተጎሰመም፣ እንደ ወጉ ለቅሶ አልተቀመጠም። አስከሬናቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተሸሽጎ ቆየ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ወሎና ሸዋ ሰገሌ ላይ ተዋግተው ያ ሁሉ ሰው አለቀ። የኛ አያቶች ናቸው ያለቁት። እና የማን አገር ነው የዳነው?

የጦሳ ልጅ፦
ተጀመረ። እሑድ ጠዋት እዚህ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰገሌ ቡና አይወርድም። ወንድሜ፣ በ1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ምን ተፈራረሙ? ምኒልክ በሕይወት እያሉ ነው አገሪቱ ብትፈርስ ማን የቱን ጥቅሙን እንደሚይዝ የተስማሙት። ጣሊያን ኤርትራ ላይ ቁጭ ብሏል። እንግሊዝ ዓይኑ ዓባይ ላይ ነው። ፈረንሳይ ባቡሩን ይዟል። በዚህ መሀል «ንጉሡ ሞተዋል» ብለህ ነጋሪት ልትጎስም? አዎ፣ አገር አዳኑ። አሁንም ልድገመው፣ አዳኑ።

ሆጤ፦
ያከሟቸው ሐኪሞች እኮ ፈረንጆች ናቸው! ንጉሡ ከ1902 ጀምሮ አልጋ ላይ እንደነበሩ ማን ያላወቀ አለ? ከጣሊያን ነው የደበቁት ብለህ ነው? የተደበቀው ከገበሬው ነው።

ቦርከና፦
እኔ ያልገባኝ አገሪቱ ስንቴ እንደምትድን ነው። በ1902 እቴጌ ጣይቱን ከሥልጣን ገፍተው አዳኗት። በ1906 ሬሳ ደብቀው አዳኗት። በ1909 መስቀል ቀን የምኒልክን የልጅ ልጅ ኢያሱን ሽረው አዳኗት። በየሦስት አራት ዓመቱ መርፌ የሚወጋ በሽተኛ ድኗል አይባልም፣ ሐኪሙ ነው የሚመረመረው።

አብሽር፦
😂😂 ቦርከና አብሽሪ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ይሄ ሁሉ ንዴት አይሆንም።

መምህሩ፦
ልጆች፣ ትንሽ ላስገባ። ሞትን መደበቅ ምኒልክ ላይ የተጀመረ አይደለም። እዚሁ አምባሰል፣ ግሸን አምባ ላይ የንጉሥ ዘር ይጠበቅ የነበረው ለምን ሆነና? ንጉሥ ሲሞት ሞቱ ይያዛል፣ ተተኪው ከአምባው ይወርዳል፣ ከዚያ አዋጅ ይነገራል። «የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ፤ ነጋዴ ነግድ፣ አራሽ እረስ» ይባላል። ሰውየው ሞቷል፣ መንግሥት ግን አልሞተም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ወግ ባለው ለቅሶ ይለቀሳል። የ1906ቱ ለየት የሚለው እዚህ ጋ ነው። ወራሹ አስቀድሞ ታውቋል። በ1902 ኢያሱን ካልተቀበላችሁ ተብሎ በእርግማንና በግዝት ለሕዝብ ተነግሯል። ከአምባ የሚወርድ ሰው አይጠበቅም ነበር። ታዲያ አዋጁ ምን ሆኖ ቀረ? «የሞትንም እኛ» ያለ የለም፣ «ያለንም እኛ» ያለም የለም። መደበቁን አልወቅስም፣ የምወቅሰው ሳይገልጡ መቅረታቸውን ነው።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ ከርስዎ ጋር አልከራከርም። ግን መደበቁን «አልወቅስም» ብለዋል። ሆጤ፣ አየኸው?

ሆጤ፦
ግማሹን ብቻ ነው ያነበብከው። የቀረውን ጦሳ ጉም ጋርዶብህ ይሆናል።

አብሽር፦
ኤልሳቤጥን እዩ ግን። ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ሞቱ፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ዓለም ሰማ። ቻርለስ እናቱ እንደሞቱ ያለ ምንም አዋጅ ንጉሥ ናቸው። ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፎ ሬሳ ሳጥኑን ተሰናበተ። መስከረም 9 ቀብር። ዘውዱን ደግሞ ቀስ ብለው ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ጫኑ። 70 ዓመት የነገሠ ሰው ሞቶ አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም።

የጦሳ ልጅ፦
እንግሊዝን ተዋት። እዚያ ዘውዱ ጌጥ ነው። ንግሥቲቱ ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሾመዋል፣ ሥራው እዚያ ነው ያለው። ምኒልክ ግን ሚኒስትሩም ዳኛውም ጦር አዝማቹም ራሳቸው ናቸው። ይልቅ ስዋዚላንድን ውሰድ። ሶቡዛ 82 ዓመት ነግሠው በ1974 ሞቱ። ሞታቸውም ተነገረ። ከዚያስ? አንዷ ንግሥት ሞግዚት ሆነች፣ እሷን አውርደው ሌላዋን አስቀመጡ፣ ቤተ መንግሥቱ ተባላ። ልጁ ምስዋቲ ዘውድ የጫነው በ1978 ነው። ስለዚህ ስለተነገረ ብቻ ሰላም አይሆንም። ረጅም የነገሠ ንጉሥ ሲሞት ያለ ችግር የሚያልፍ አገር የለም።

ቦርከና፦
እነሱ ግን ሰገሌ አልዘመቱም። ሴቶቹ ተጣሉ፣ አለቀ።

የጦሳ ልጅ፦
«ሴቶቹ ተጣሉ፣ አለቀ» ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም። 😄

የሙጋዷ፦
እናንተ ስዋዚላንድ ስትደርሱ ደሴን ዘላችኋት። ግንቦት 23 ቀን 1906 የኢያሱ አባት ሚካኤል እዚሁ ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከምኒልክ ሞት ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። እስቲ አስቡት። ምኒልክ አልሞቱም ከተባለ ንጉሥ ማን አነገሠ? ሞተዋል ከተባለ ደግሞ ለቅሶው የታለ? ልጁ ራሱ ዘውድ ሳይጭን አባቱን ዘውድ ጫነላቸው! ንጉሥ የሚያነግሠው ንጉሠ ነገሥት ነው ብለን ነው የተማርነው። ይሄ ሁሉ ጉድ የመጣው ያቺን አንድ አዋጅ ከመፍራት ነው።

ሰኞ ገበያ፦
የሙጋዷ እግዜር ይስጥሽ። ሸዋ እንደሆነ የወሎን ዘውድ ያየው በዚያ ዓይን ነው። «ምኒልክ ሳይለቀስላቸው ወሎ ዘፈነ» ተባለ። ማን ነው እንዳይለቀስ ያደረገው? እኛ ነን?

የጦሳ ልጅ፦
እሺ ኢያሱስ? አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ቢሠራ ማን ይሽረው ነበር? ዛሬ አፋር፣ ነገ ሐረር። መኳንንቱ ሊያናግሩት ቢፈልጉ አያገኙትም። ሐረር ደግሞ መስጊድ…

ሰኞ ገበያ፦
ቁም። «መስጊድ» ብለህ ነጥብ ነጥብ አታድርግብኝ። መስጊድ መግባት ምን ኃጢአት አለው? አባቱ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ። የኛ ቤት ግማሹ ለጁምዓ ይወጣል፣ ግማሹ ለቅዳሴ። ይሄ ወሬ ወሎ ላይ አይሸጥም፣ ወደ ጣርማ በር ተሻግረህ ሽጥ።

የጦሳ ልጅ፦
ማን ኃጢአት ነው አለ? የተወራበትን ነው ያልኩት። ለሽረቱ ምክንያት ያደረጉት እሱን አይደለም እንዴ? የታወቀ ነገር ነው።

ሰኞ ገበያ፦
«የተወራበትን» እያላችሁ ነው መቶ ዓመት ያወራችሁት።

አድሚን፦
ሃይማኖት ውስጥ አትግቡ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነው።

አብሽር፦
የመጀመሪያው መቼ ነበር?

አድሚን፦
ባለፈው ስለ ክትፎው።

መምህሩ፦
አድሚን፣ ታሪኩ ሃይማኖት ያለበት ነው፣ እንዴት ይደረጋል። ግን ወደ ነገራችን። ሰው የሚዘነጋው መሐላውን ነው። መኳንንቱ ለኢያሱ የማሉት በግዝት ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ሊሽሩት ሲነሡ አቡነ ማቴዎስ መሐላውን ካልፈቱላቸው ማን ይደፍራል? አቡኑም እያመነቱ ፈቱት። አሁን እናንተን ልጠይቅ። ምኒልክ በይፋ ተቀብረው፣ ኢያሱም እሳቸውን ቀብተው ባነገሡት በዚያው ጳጳስ እጅ ዘውድ ጭኖ ቢሆን፣ ያን መሐላ መፍታት እንዲህ ይቀል ነበር? የተቀባ ንጉሥና ያልተቀባ አልጋ ወራሽ አንድ አይደሉም።

ሆጤ፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎ! ይሄን ነው ከጠዋት ጀምሮ መናገር ያቃተኝ። የደበቁት ሞት ኢያሱን ዘውድ ከለከለው። ዘውድ የሌለውን ልጅ በአንድ ቀን አወረዱት። አባቱ ሊያስመልሱለት ዘመቱ፣ ቶራ መስክ ላይ አሸነፉ፣ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ክሩን ወደ ኋላ ሳበው፣ መጨረሻው ሥዕል ቤት ነው።

የጦሳ ልጅ፦
ዘውድ የጫነ አይሻርም? ኃይለ ሥላሴ ምን ነበር የጫኑት? ባርኔጣ? መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ነው የወሰዷቸው። ቅባቱም ነበረ፣ ዘውዱም ነበረ፣ ጳጳሱም ነበሩ። እባካችሁ ዘውዱን ጥይት የማይበሳው ጥሩር አታድርጉት።

ቦርከና፦
ይቺን ወድጄልሃለሁ። ግን ራስህን ነው የመታኸው። ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ 44 ዓመት ሆኗቸዋል፣ ኢያሱ አንድ ቀን እንኳ አልነገሠም። ደግሞ የጃንሆይም ሞት ያው ተደበቀ። ነሐሴ 1967 «ታመው ሞቱ» ተባለ፣ አስከሬኑ የት እንደገባ ግን አልተነገረም። በ1984 ነው ከግቢው ውስጥ የተገኘው። ቀብራቸው የተፈጸመው ጥቅምት 26 ቀን 1993። እዚያስ ማን ዳነ?

የጦሳ ልጅ፦
ደርግን ከመኳንንቱ ጋር አታወዳድሪ። ደርግ ገዳይ ነው፣ ስለዚህ ይደብቃል። የምኒልክ ሰዎች አልገደሉም።

የሙጋዷ፦
አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ። ጃንሆይስ ሳይወርዱ ምን ይደበቅ ነበር? የ65ና የ66 ረሃብ። የሞተው እዚሁ ነው፣ መንገዱ ዳር። እናቴ ልጅ ነበረች፣ እስከዛሬ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይቀየራል። አዲስ አበባ አልሰማም ተባለ። የንጉሥ ሞት መደበቅ ጥበብ ነው ስትሉ እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው። ቤተ መንግሥት አንዴ ከለመደው የሚደብቀው የንጉሥን ሞት ብቻ አይሆንም።

ሰኞ ገበያ፦
🙏

የጦሳ ልጅ፦
እህቴ፣ እሱ ሌላ ነው። በረሃቡ አልከራከርሽም፣ የኛም ቤት አልቋል። ግን 60 ዓመት የሚለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል አትስፊያቸው።

አብሽር፦
ከኢያሱ በኋላ የነገሡትን ዘውዲቱንስ ማን ረሳ? መጋቢት 24 ቀን 1922 ሞቱ። ባላቸው የነበሩት ራስ ጉግሣ አንችም ላይ ከወደቁ በሁለተኛው ቀን። ተፈሪ ወዲያው ተተኩ፣ ምንም መደበቅ የለም። ጥቅምት 23 ላይ ከዓለም እንግዳ ጠርተው ዘውድ ጫኑ። መቼም ያንን ያህል ለስላሳ ሽግግር አልነበረንም።

ቦርከና፦
ለስላሳ? ጦርነቱ እኮ ከሞቱ ሁለት ቀን በፊት አለቀ! ተፈሪ ከ1921 ጀምሮ ንጉሥ ተብለዋል፣ ጦሩም ገንዘቡም እጃቸው ነው። መደበቅ ያላስፈለገው ሁሉም ነገር አስቀድሞ ስላለቀ ነው።

ሆጤ፦
ይኸው! መደበቅ ማለት እኮ አልጨረስንም፣ ማን እንደሚወስደው አልተስማማንም ማለት ነው። ምኒልክን የደበቁት አገሩን ሳይሆን ያልተስማሙበትን ነገር ለማቆየት ነው።

የጦሳ ልጅ፦
እሺ፣ ወሬውን ትተህ አንድ ነገር መልስልኝ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1906 ጠዋት ነጋሪት ተጎሰመ እንበል። ኢያሱ ገና 18 ዓመቱ ነው። ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ በ1903 ሞተዋል። ማን ይይዘዋል? ከየአቅጣጫው ሰው አይነሣም?

ሆጤ፦
ደብቀው ያው በዚያው በ18 ዓመቱ አይደል የገዛው? በግልጥ ቢገዛ ምን ይጨምር ነበር? ደግሞ «ሰው ይነሣል» አትበለኝ፣ ስም ጥራ።

የጦሳ ልጅ፦
ራስ አባተ። ተሰማ እንደሞቱ ግቢውን ሊይዝ የሞከረው ማን ሆነና? ምኒልክ ገና በሕይወት ናቸው! ሳይሞቱ እንዲህ ከሆነ፣ ሞተዋል ቢባልማ ምን ይውጣቸው ነበር? ይሄ የኔ ማስረጃ ነው።

ሆጤ፦
ምን ያንተ ነው፣ የኔ ነው እንጂ! ንጉሡ ሳይሞቱም ሰው ተነሥቷል። በሕይወት አሉ መባሉ ማንን አስቆመ? አባተን ያስቆመው ግቢውን የሚጠብቀው ጦር ነው። ጦሩ ደግሞ አዋጅ ቢነገርም ያው እዚያው ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አላስቆመም? ከአባተ በኋላ ምኒልክ «አሉ» እስከተባለ ድረስ ሌላ አንድ ሰው ጥራልኝ።

ሆጤ፦
መጀመሪያ «አሉ» መባሉ ያበቃው መቼ እንደሆነ አንተ ንገረኝ። ቀኑን። አዋጅ የለማ!

የጦሳ ልጅ፦
ከጥያቄ አትሽሽ።

ሆጤ፦
አንተ ነህ የሸሸኸው። ቀኑን ስጠኝ።