ሰርቨሬ ላይ የጫንኩት የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል፤ ምኑን ልፈትሽ?

ሰርቨር_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ሊብረስፒድን (በብሮውዘር የሚሠራ የፍጥነት መለኪያ) ኪራይ ቪፒኤስ (ቨርቹዋል ሰርቨር) ላይ ጭኛለሁ፤ 2 ኮር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 1 ጊጋቢት ፖርት። ዴቢያን 12 ላይ ነው፤ ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ 1.22፣ የፒኤችፒ ኮዱን የሚያስኬደው ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም 8.2። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ይከፈታል፣ ኤችቲቲፒ 2 በርቷል። የኤንጂንኤክሱን ኮንፊግ የወሰድኩት ከሌላ ሳይት ነው። የምለካው በኬብል ከተገናኘ ኮምፒውተር፣ በ500 ሜጋቢት መስመር ነው።

ፒንጉ (የምልልስ ጊዜው) በፋየርፎክስ 138 ሚሊሰከንድ፣ በክሮም 47 ይላል፤ ከተርሚናል ሳየው ግን 45 ነው። ዳውንሎዱ 180 ሜጋቢት አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፣ ቁጥሩም ከፍ ዝቅ ይላል። አፕሎዱ ጭራሽ አይሠራም፤ መርፌው ብድግ ብሎ ይወድቃል፣ የብሮውዘሩ ኔትወርክ ገጽ ላይ 413 (የተላከው ከሚፈቀደው መጠን በላይ ነው የሚል ስህተት) ተደርድሮ ይታያል። ችግሩ ከመስመሩ ነው ከሰርቨሩ? በምን ልለየው?

ፓኬት_ቆጣሪ

ሦስቱም ከሰርቨሩ ይመስሉኛል። ፒንጉን አስቀድሜ ላንሳው፣ ምክንያቱ ቁጥሩ ላይ ይታያልና። 45 በ3 ሲባዛ 135 ነው። አዲስ ግንኙነት ሲከፈት አንድ ምልልስ ለቲሲፒ (ግንኙነቱን ለመክፈት)፣ አንድ ለቲኤልኤስ 1.3 (ለምስጠራው)፣ አንድ ለጥያቄው ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ሰርቨርህ ከእያንዳንዱ ፒንግ በኋላ ግንኙነቱን እየዘጋ ነው ማለት ነው። በወሰድከው ኮንፊግ ውስጥ «ኪፕአላይቭ ታይምአውት» (ሥራ የፈታ ግንኙነት ሳይዘጋ የሚቆይበት ጊዜ) 0 ተደርጎ እንደሆነ እይ፤ ነባሪው 75 ሰከንድ ነው፣ ወደዚያ መልሰው። ክሮም ላይ ያልታየው ሊብረስፒድ የብሮውዘሩን የጊዜ መዝገብ አንብቦ የግንኙነት መክፈቻውን ስለሚቀንስ ነው። ፋየርፎክስ ላይ ያንን መዝገብ በነባሪ አይጠቀምበትም፤ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያጋልጠውም እሱ ነው።

413 ቀላል ነው። ሊብረስፒድ አፕሎድ የሚያደርገው በ20 ሜጋባይት ቁራጮች ሲሆን ኤንጂንኤክስ በነባሪ ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ጥያቄ አይቀበልም። «ክላይንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ» የሚለውን 50 ሜጋባይት አድርገው። የፒኤችፒው «ፖስት ማክስ ሳይዝ»ም በነባሪ 8 ስለሆነ አብሮ 50 ይሁን፤ አለዚያ ሎጉ በማስጠንቀቂያ ይሞላል።

ዳውንሎዱ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ፋይሉን የሚያመነጨው ጋርቤጅ ዶት ፒኤችፒ ነው፤ በአንድ ጥያቄ 100 ሜጋባይት የዘፈቀደ ዳታ ይልካል። ፒኤችፒ ዳታውን የሚያወጣው መስመሩ ከሚሸከመው በላይ ፈጥኖ ነው። ኤንጂንኤክስ ደግሞ የተረፈውን አይጥለውም፤ እስከ 1 ጊጋባይት ድረስ ጊዜያዊ ፋይል አድርጎ ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። በ6 ዥረት (በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን በሚሄዱ ዳውንሎዶች) ሲሆን ዲስኩ ይጨናነቃል፣ ቁጥሩም ይዋዥቃል። የምትለካው ዲስክህን ነው እንጂ መስመርህን አይደለም። ለማረጋገጥ የኤረር ሎጉን ደረጃ «ዋርን» አድርግና ልኬቱን አስጀምር። ምላሹ ጊዜያዊ ፋይል ላይ እየተጻፈ ነው የሚል መስመር ከመጣ እሱ ነው። መፍትሔው ለመለኪያው ፎልደር ብቻ «ፋስትሲጂአይ በፈሪንግ»ን (ኤንጂንኤክስ የፒኤችፒን ምላሽ እንዲያጠራቅም የሚያደርገውን ቅንብር) ማጥፋት ነው። ለአፕሎዱም ተመሳሳይ ችግር ስላለ «ፋስትሲጂአይ ሪኩዌስት በፈሪንግ»ን አብረህ አጥፋ።

ኬብልና_ሞገድ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ ግን ምንም ሳትነካ በፊት አይፐርፍ 3ን (ከተርሚናል የሚሠራ የመስመር ፍጥነት መለኪያ) አሂድ። ዌብ ሰርቨሩንም ፒኤችፒንም ዲስክንም ስለማያልፍ መስመሩን ከሶፍትዌሩ ይለይልሃል። በሰርቨሩ ላይ ፖርት 5201ን ክፈት፣ ከኮምፒውተርህ መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ በተገላቢጦሽ አማራጩ አስኪደው፤ ያለዚያ የሚለካው አፕሎድን ብቻ ነው። 8 ዥረት፣ 30 ሰከንድ፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ሳይቆጠሩ። የዴቢያን 12ቱ አይፐርፍ ሁሉንም ዥረት በአንድ ኮር ላይ ነው የሚያሄደው (በብዙ ኮር መሥራት የጀመረው ከ3.16 ወዲህ ነው)፣ ለ500 ሜጋቢት ግን በቂ ነው። አይፐርፍ 480 ብሎ ብሮውዘሩ 180 ካለ መስመሩን ተወው።

ሁለተኛው ኤችቲቲፒ 2 ነው። ሊብረስፒድ 6 ዥረት ሲከፍት ኤችቲቲፒ 2 ስድስቱንም በአንድ ቲሲፒ ግንኙነት ውስጥ ይጨምቃቸዋል፤ አንድ ፓኬት ሲጠፋ ስድስቱም አብረው ይዘገያሉ። ለመለኪያው አጥፋው። ተጠንቀቅ፦ ከ1.25.1 በፊት ባሉት ኤንጂንኤክሶች ይህ ቅንብር የሚጻፈው ከ«ሊስን» መስመሩ ጋር ስለሆነ በዚያው አድራሻና ፖርት ላይ ያሉትን ሳይቶች በሙሉ ይነካል። ባንተ 1.22 ላይ መለኪያውን ወደ ሌላ ፖርት፣ ለምሳሌ 8443፣ ማውጣት ይሻላል።

ቢቢአርን (ቲሲፒ የሚልክበትን ፍጥነት የሚወስን ዘዴ) አብራ የሚሉህ ይኖራሉ። እኔ ለመለኪያ ሰርቨር አልመክረውም። ቢቢአር የሚሠራው በላኪው በኩል ስለሆነ ዳውንሎዱን ብቻ ከፍ ያደርጋል፤ ፓኬት በሚጥል መስመር ላይ ተጠቃሚው ከሌሎች ሰርቨሮች የማያገኘውን ቁጥር ያሳየዋል። በነባሪው ዘዴ፣ ኪዩቢክ ላይ ተወው።

ሰርቨር_ጠባቂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «ኪፕአላይቭ» በእርግጥም 0 ነበር። አይፐርፍ በሁለቱም አቅጣጫ 485 አካባቢ ሰጠ፤ ሎጉ ላይም የጊዜያዊ ፋይሉ ማስጠንቀቂያ ነበር። በፈሪንጉን አጥፍቼ መለኪያውን ወደ 8443 ካዛወርኩ በኋላ ፒንግ በፋየርፎክስ 46፣ አፕሎድ 508፣ ዳውንሎድ 514 ሆነ። አሁን ደግሞ ከ500 እንዴት በለጠ?

ፓኬት_ቆጣሪ

514ን ለ1.06 አካፍለው፤ 485 ይመጣል፣ አይፐርፍ ያለህ ቁጥር። ብሮውዘሩ የሚቆጥረው የደረሰውን ዳታ ብቻ ስለሆነ ሊብረስፒድ ለፓኬት ራስጌዎች ማካካሻ ብሎ በ1.06 ያባዛዋል። ግምቱ ከየትም የመጣ አይደለም፦ በኤተርኔት ላይ አንድ ሙሉ ፓኬት 1538 ባይት ቦታ ይይዛል፣ ከዚያ ውስጥ ለዳታው የሚተርፈው 1448 ነው፣ 94.1 ከመቶ። የ1 ጊጋቢት ኬብል 941 ላይ የሚቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። ተጠቃሚው በትክክል የሚያወርደውን ማሳየት ከፈለግህ «ኦቨርሄድ ኮምፔንሴሽን ፋክተር»ን 1 አድርግ። የትኛውን እንደመረጥክ ግን ገጹ ላይ ጻፈው፣ ሰው ከሌላ መለኪያ ጋር ማወዳደሩ አይቀርም።

ኬብልና_ሞገድ

ለሰው ከመክፈትህ በፊት የወር ትራፊክህን አስላ። የዳውንሎድ ልኬቱ በነባሪ ቢበዛ 15 ሰከንድ ይቆያል፤ 500 ሜጋቢት ለሙሉ 15 ሰከንድ ማለት ከ930 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ያውም ዳውንሎዱ ብቻ። ኮታህ 1 ቴራባይት ከሆነ በዚህ ፍጥነት ወደ 1,000 ልኬት ላይ ያልቃል። የዳውንሎዱን ጊዜ ወደ 8 ሰከንድ ብታወርደው 500 ሜጋባይት ይሆናል። ከአንድ አይፒ የሚመጡ ግንኙነቶችንም ገድብ፤ ከ6 ዥረቱ በላይ ትንሽ ቦታ እንዲኖር 10 ይሁን። የሞባይል ኔትወርክ ተጠቃሚዎች ብዙ ሆነው አንድ አይፒ ስለሚጋሩ ከነሱ ቅሬታ ከመጣ ወደ 30 ከፍ አድርገው። እንዲሁም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲለካ 1 ጊጋቢቱን ፖርት ሊሞሉት ነው፤ ሦስተኛው የሚያየው ቁጥር የሱ መስመር አይሆንም።