ሁለት ሌሊት ሐይቅ ዳር፦ የቤተሰብ ጉዞው ረቂቅ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ስድስት ቤተሰብ ተመዝግቧል፤ 16 አዋቂ፣ 12 ልጅ። ዓርብ ከሰዓት ከደሴ ወጥተን እሑድ ከሰዓት እንመለሳለን። ቦረና ሳይንት ፓርክ ይሁን ያላችሁ አላችሁ፤ ልጆቹ ጭላዳ ቢያዩ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን በኅዳር ደጋው ሌሊት ውርጭ ነው፣ መንገዱም ለሁለት ሌሊት አይመችም። ሐይቅ ከተማ ግን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ልጅ ቢያመው ቶሎ እንመለሳለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐይቅ ይሁን። የቅዳሜውን የእስጢፋኖስ ገዳም ጉብኝት ግን ከጋራ መርሐ ግብሩ አውጡት። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ እናቶችና ሴቶች ልጆች ውጭ ሲጠብቁ መዋል የለባቸውም። የሚፈልግ ወንድ እሑድ ጠዋት ይሂድ።

የምግብ ኃላፊ፦ ሥጋ አንያዝ። የእስላምና የክርስቲያን ከሆነ ድስቱም ቢላዋውም ሁለት ሊሆን ነው፤ ዓርብ ጾም አለ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። በሽሮና በምስር ሁላችንም ከአንድ ገበታ እንቆርሳለን። ሽሮ ለአንድ ሰው በአንድ ገበታ 60 ግራም ብንል፣ ለሁለት ጊዜ 3 ኪሎ ተኩል ይበቃል። እንጀራ ለአዋቂ ሁለት፣ ለልጅ አንድ፤ ለሦስት ገበታ 132። ሐሙስ ማታ ተጋግሮ በደንብ ይቀዝቅዝ። በትኩሱ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ ቅዳሜ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ። ለእሑድ ቁርስ 3 ኪሎ ድርቆሽ ይዘን ፍርፍር እንሠራለን። ለመጠጥና ለማብሰያ ለሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 12 ጀሪካን። የሐይቁን ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ብቻ እንቅዳ፤ እጣቢው ከዳርቻው ርቆ ይደፋ።

የድንኳን ኃላፊ፦ ከሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል ወጣ እንዳይል ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፉት። አንድ ስንዝር እንኳ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ከወለሉ ሥር ያስገባዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ፍራሹ ሲርስ ያድራል። ካስማው ሲመታ አናቱ ከድንኳኑ ወዲያ ያዘንብል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ነፋስ ይነቅለዋል። ውሃ ከሚተኛበት ጎድጓዳ ቦታም ራቁ።

አንዲት እናት፦ ልጆቹ ሌሊት ከበረዳቸው የከሰል ምድጃውን ትንሽ ብናስገባላቸውስ?

የድንኳን ኃላፊ፦ እትዬ፣ እባክዎን ይህን እንዳያደርጉ። ከሰሉ ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ዚፑን ከፈት ማድረግም አያድንም። ይልቅ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነውና ቡልኮውን ከሥር አንጥፈው ጋቢውን ከላይ ያልብሷቸው። ከመተኛታቸው በፊት ደረቅ ካልሲ ይቀይሩ። አብሽሩ፣ ይሞቃቸዋል።

ጸሐፊ፦ «ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም» የሚለውን ለብቻው አንቀጽ አድርጌዋለሁ። ወባን ሳንነጋገር እንዳንዘጋው፤ ሐይቅ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ወባው የሚበረታበት ወቅት ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው እሑድ ስድስቱንም ድንኳኖች ግቢ ውስጥ ተክለን ዚፑንና መረቡን እንይ። መረቡ የተቀደደ በመርፌ ይሰፋ፤ ዚፑ እምቢ ያለ ቤተሰብ አጎበር ይያዝ።