ማዘጋጃ ቤት አሁን ፈርመን ተክሊሉን ለከርሞ ብናቆየውስ?

የጥር ሙሽራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለታችንም ኦርቶዶክስ ነን። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ እጮኛዬ አሜሪካ በግሪን ካርድ ነው የሚኖረው፣ ፓስፖርቱ ግን የኢትዮጵያ ነው። የሚመጣው ኅዳር መጨረሻ ላይ ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ያኔ ተክሊል የለም። ያሰብነው አሁን በክብር መዝገብ ፈርመን እኔ ወደ አሜሪካ የምሄድበትን ፕሮሰስ ማስጀመር፣ ተክሊሉንና ድግሱን ደግሞ የከርሞ ጥር ማድረግ ነው። እናቴ «ከፈረማችሁ ተጋባችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ተክሊል አትሰጣችሁም» ትላለች። ጓደኛዬ «ፊርማው እኮ ወረቀት ነው» ትላለች። ማን ልክ ነው? ምን ምን ይጠየቃል? ቅደም ተከተሉን የምታውቁ ብትነግሩኝ።

መዝገብ ቤት፦
እህቴ፣ ጓደኛሽን አትስሚያት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። ሦስቱም በሕግ ፊት እኩል ናቸው። ሹሙ ፊት የፈረማችሁ ዕለት ባልና ሚስት ናችሁ፤ ተክሊሉን የሚጠብቅ ሕግ የለም። ይህ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ሌላ ቦታ የምትፈርሙ ከሆነ የዚያን ጠይቁ።

ሰው በልማድ «ማዘጋጃ» ይበል እንጂ አሁን አገልግሎቱ የሚሰጠው በወረዳው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነገር የለም። የሚያስፈልገው እንዲህ ነው፦

ጊዜው ያላለፈ የነዋሪነት መታወቂያ ከነኮፒው፣ የፓስፖርት መጠን ፎቶግራፍ፣ የሁለታችሁም ያላገባ ማስረጃ። ከዚህ በፊት አግብቶ የነበረ ካለ የፍቺው ውሳኔ ወይም የሟች የሞት ምስክር ወረቀት ይጨመራል። ምስክሮች አራት ናቸው፣ ሁለት በእሱ በኩል፣ ሁለት በአንቺ በኩል፤ ሁሉም መታወቂያ ይዘው በአካል ይቀርባሉ። ሥራው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ የአንድ ምስክር መታወቂያ ጊዜው አልፎበት ሁሉም ሰው ይመለሳል። አምስተኛ ሰው በተጠባባቂነት ይዛችሁ ሂዱ።

የእጮኛሽ ያላገባ ማስረጃ ግን ጣጣ አለው። ወረዳው ሊመሰክርለት የሚችለው እዚህ ስለኖረበት ዘመን ነው። አሜሪካ ለቆየበት ጊዜ ከዚያው የሚመጣና የተረጋገጠ ማስረጃ ይጠየቃል፤ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ኤምባሲውን ጠይቆ ይያዝ። እዚህ ከደረሰ በኋላ ልፈልግ ካለ ሦስቱ ሳምንት በዚያው ያልቃል።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሕጉ ተጋቢዎች ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለሹሙ እንዲያስታውቁና ማስታወቂያው እንዲለጠፍ ያዛል፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ነው። እሱ የሚቆየው ሦስት ሳምንት ስለሆነ አንቺ ከአሁኑ ወረዳሽ ሄደሽ ማስታወቂያውን እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ከእሱ ምን ሰነድ ቀድሞ መላክ እንዳለበት ጠይቂ። በውክልና መፈረምንማ አታስቡት፤ ሁለታችሁም በአካል መቅረብ ግዴታ ነው፣ ከዚህ ነፃ የሚያወጣው የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ብቻ ነው።

የምስክር ወረቀቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው። ማኅተም ከማረፉ በፊት የእንግሊዝኛውን ስም ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ የአያት ስም ጭምር። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥም ይሳሳታል። ከወጣ በኋላ ማስተካከል ከማውጣቱ ይከብዳል። ለውጭ አገር የምትጠቀሙበት ከሆነ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ይቀራችኋል።

የደብሩ ልጅ፦
እናትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። ተክሊል የሚደረገው ድንግልናቸውን ለጠበቁ ነው። ፈርማችሁ በየቤታችሁ ከቆያችሁ ወረቀቱ ተክሊላችሁን አይነካውም። ፈርማችሁ አብራችሁ መኖር ከጀመራችሁ ግን የከርሞ ጥር የሚደረግላችሁ ድንግልና ለሌላቸው የሚደረገው ጸሎተ መዓስባን ነው፤ እሱም ከቅዱስ ቁርባን ጋር የሚፈጸም ሙሉ ጋብቻ ነው፣ አክሊሉ ግን የለም። ስለዚህ ሁለታችሁ ከፊርማው በፊት ቁጭ ብላችሁ መነጋገር ያለባችሁ ስለ ወረዳው ሳይሆን ስለዚህ ነው። ሕጉ ባልና ሚስት ናችሁ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ገና እጮኛሞች ናችሁ ትላለች፣ ዘመድ ደግሞ «ምን ትጠብቃላችሁ» ይላል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ መካከል መቆየት ለሁሉም ሰው አይሆንም።

አሁኑኑ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ቀጥሎ ተክሊሉ የሚፈጸምበት ደብር አስተዳዳሪ ዘንድ ሂዱና «በክብር መዝገብ እንፈርማለን፣ ሥርዓቱ ለከርሞ ነው» ብላችሁ ንገሯቸው። ይህን ከፊርማው በፊት ማድረግ ያለባችሁ በአንድ ምክንያት ነው፦ ደብሮች በአብዛኛው ያላገባ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ግን የወረዳው መዝገብ «ያገባ» ስለሚል ያንን ወረቀት ማንም አይሰጣችሁም። አስተዳዳሪው ቀድመው ካወቁ ሁለታችሁ እርስ በርስ የፈረማችሁበትን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይቀበላሉ፤ ካላወቁ በሠርጉ ሳምንት ጥያቄ ይነሣል።

ከዚያ ውጭ የሚጠየቁት፦ የክርስትና ማስረጃ፣ የንስሐ አባት ምስክርነት፣ የሰበካ ጉባኤ አባልነት (ክፍያው ያልተቋረጠ)፣ ከሌላ አጥቢያ ለሚመጣው ከአጥቢያው የተጻፈ ደብዳቤ። የእሱ አጥቢያ አሜሪካ ስለሆነ ደብዳቤው የሀገረ ስብከቱ ማኅተም ይኑርበት። የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት የሚጠይቁ ደብሮች ብዙ ናቸው፤ ይህን ግን ከዓመት በፊት አታውጡት፣ ያረጀ ውጤት አይቀበሉም።

አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ደግሞ ባሕረ ሐሳቡን (የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫውን) እዩ። ከገና በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት የሚዘጋው በነነዌ ሳይሆን በዐቢይ ጾም ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ የነነዌ ሦስት ቀንም ጾም ነው፣ ሠርግ የለበትም። ነነዌ ከጥር 17 ቀድማ አትገባም፣ ከየካቲት 21 አታልፍም፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው መካከል ነው የሚገባው። በአንዳንድ ዓመት የጥር መጨረሻ እንደልብ አይሆንም ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የጥምቀት ጋድም አይታሰቡ።

ተክሊሉ ከቅዳሴ ጋር ስለሆነ ሁለታችሁም ለመቁረብ 18 ሰዓት ትጾማላችሁ። ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ምንም ሳይቀመስ ማለት ነው፤ የዋዜማውን ራት ግብዣ ለእንግዶች ተዉት። ቀለበት የሚባረከውና የሚታሰረው በሥርዓቱ ውስጥ ነው፤ ወረዳ ስትፈርሙ ማንም ቀለበት አይጠይቃችሁም፣ ስለዚህ አቆዩት።

የጥር ሙሽራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። አብረን አንኖርም፤ እሱ ወዲያው ይመለሳል፣ እኔም ከቤተሰብ ጋር ነኝ። አንድ የረሳሁት አለ። በስሜ የቆጠብኩበት ኮንዶሚኒየም አለ፤ ዕጣው በዚህ መካከል ቢወጣስ?

ውልና ማስረጃ፦
ስትፈርሙ የሚለወጠው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ሰው ግን ስለ አዳራሽና ስለ ቬሎ ነው የሚያስበው።

ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ንብረት፣ እንዲሁም በጋብቻ ዘመን በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘሽው የግልሽ ነው (አንቀጽ 57)። ከፊርማው ቀን ጀምሮ የሚገባ ገቢ ግን፣ ያንቺ ደመወዝም የእሱ ዶላርም፣ የጋራ ነው። ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል (አንቀጽ 63)። ዕጣው ከፊርማው በኋላ ወጥቶ ቀሪውን ከደመወዝሽ ከከፈልሽ፣ የቀድሞው ቁጠባ ያንቺ፣ ቤቱ ግን ለክርክር የተመቸ ይሆናል። በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት እንኳ የግል የሚሆነው በጥያቄሽ ፍርድ ቤቱ እንደዚያ ብሎ ሲወስን ነው (አንቀጽ 58)።

መድኃኒቱ የጋብቻ ውል ነው። በጽሑፍ ይሆናል፣ አራት ምስክር ይፈርምበታል፣ ሁለት በባል ሁለት በሚስት በኩል። ጊዜውን ግን ልብ በይ፦ ውሉ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ መደረግ አለበት፣ ጋብቻው ማለት ደግሞ የወረዳው ፊርማ ነው። ለተክሊሉ ዋዜማ ካቆያችሁት ዘግይታችኋል፤ በጋብቻ ውስጥ ባልና ሚስት የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም (አንቀጽ 73)። ከአሁን የባንክ ስቴትመንት አውጥተሽ እስከ ፊርማው ቀን ያለውን ቁጠባ በውሉ ላይ በቁጥር አስፍሪ። እጮኛሽ ቅር እንዳይለው ደግሞ የእሱንም አብራችሁ ጻፉ።

አያድርገውና ነገሩ ከተክሊሉ በፊት ቢፈርስ ቀለበት መመለስ ብቻ አይበቃም። ፍቺ ነው፣ ፍርድ ቤት ይኬዳል፤ በስምምነትም ቢሆን። ቤት ወይም መኪና ልሽጥ ብትይ ሰነዶች ማረጋገጫ የጋብቻ ሁኔታሽን ይጠይቅሻል፣ እሱ ደግሞ አሜሪካ ነው። እርስ በርስ ውክልና ሰጥታችሁ ተለያዩ።

ኤንትሪ ዶር፦
በአሜሪካው በኩል ባጭሩ። የጋብቻ ቀን ተብሎ በፎርም አይ-130 (እሱ ለአንቺ በሚያስገባው የቤተሰብ ማመልከቻ) ላይ የሚሞላው በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ነው፣ የተክሊሉ አይደለም። ከፊርማው በኋላ በየትኛውም ፎርም «ነጠላ» ብለሽ አትሙዪ፣ «ሠርጋችን ገና ነው» ብሎ ማስረዳት አይሠራም። ዲቪ የምትሞዪ ከሆነም ያገባሽ መሆንሽንና ባልሽ ግሪን ካርድ ያለው መሆኑን የሚለውን ምረጪ።

አባትሽ ወይም እናትሽ በግሪን ካርድ «ያላገባች ልጅ» ብለው አስገብተውልሽ ከሆነ አትፈርሚ፤ መጀመሪያ አማክሪ። ያ ማመልከቻ ስታገቢ ይሞታል፣ የወረዳ ፊርማም ማግባት ነው።

ከላይ «አብረን አንኖርም» ላልሽው፦ ሁለታችሁ በአካል ተገኝታችሁ እስከፈረማችሁ ድረስ አሜሪካ ጋብቻውን ትቀበላለች። ተጋቢዎቹ ባልተገናኙበት፣ በውክልና የተፈጸመ ጋብቻ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ባልና ሚስት አብረው ካልሆኑ አይቆጠርም። ውክልና ለእናንተ የማይሆነው እንግዲህ በሁለት በኩል ነው። የፊርማውን ዕለት ፎቶ ከሁለቱም ቤተሰብ ጋር ተነሡ፤ ትንሽ ምሳም ቢሆን አድርጉ። ቆንስሉ ቃለ መጠይቅ ላይ «ሠርግ ነበራችሁ?» ሲል የሚታይ ነገር ይኑር፣ ተክሊሉ ለምን እንደቆየም በግልጽ ንገሩት። አሜሪካ ስትገቢ ከፊርማው ቀን ሁለት ዓመት ካልሞላ የሚሰጥሽ የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ ነው።

ጎረምሳው፦
እኔ ግን ይህ ሁሉ መንከራተት አይገባኝም። ትኬቱን ገፍቶ ገና ካለፈ በኋላ ይምጣ፤ ተክሊሉን አድርጉ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ማስረጃ ይዛችሁ ወረዳ አስመዝግቡ። በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ ራሱ ሕጋዊ ነው፣ ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚቀረው። አንድ ቀን፣ አንድ ድግስ፣ እናትም ደስ ይላታል።

መዝገብ ቤት፦
ጎረምሳው ያለው ትክክል ነው፤ ከሥራው ፈቃድ ካገኘ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ጋብቻው የሚጸናው ከተመዘገበበት ሳይሆን ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው። ምዝገባውን ግን በ30 ቀን ውስጥ ጨርሱ፣ እሱ ከመመለሱ በፊት ማለት ነው፤ ካለፈ በዘገየ ምዝገባ ይስተናገዳል፣ ተጨማሪ ማስረጃና ቅጣት ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ያላገባ ማስረጃውን ለደብሩ ነው የምታስገቡት፣ ወረዳም ኮፒ ይጠይቃል። ኦርጅናሉን ደብር ከማስቀረታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ኮፒ አድርጉ።

የጥር ሙሽራ፦
ትኬቱ ይቀየር እንደሆነ ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ። ካልተቀየረ ሰኞ ወረዳ እሄዳለሁ። የጋብቻ ውሉን ጠበቃ ነው የሚጽፈው ወይስ ራሳችን እንችላለን?

ውልና ማስረጃ፦
ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ኮንዶሚኒየም ስላለበት ግን ጠበቃ ቢያየው ይሻላል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩና የቤት ምዝገባ ቁጥሩ ሳይቀር ይግባበት። አንድ ኮፒ ለወረዳው ጋብቻ መዝጋቢ ስጡ፣ አንዱን ያንቺ ቤተሰብ ዘንድ አስቀምጪ።