ጥቆማ፦ ሃሪኬን ለሚያሰጋው ቤት የትኛው የአቲክ ቬንት ይሻላል?

ሂውስተን፣ ጋልቨስተን ወይም ማያሚ አካባቢ ሆናችሁ ጣሪያ ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሩፈሩ፣ ማለትም ጣሪያ ሠሪው፣ ስለ ሺንግሉ (የጣሪያው ልባስ) ቀለም ብዙ ያወራችኋል። የአቲክ (ከጣሪያው ሥር፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ) አየር ማስወጫን ግን ካልጠየቃችሁት ላያነሳው ይችላል። ሃሪኬን ሲመጣ ደግሞ ውሃ ከሚገባባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው።

የእኔ ምርጫ ሪጅ ቬንት ከሶፊት ጋር ነው። ሪጅ ቬንቱ የጣሪያውን አናት ተከትሎ ይሄዳል፤ ሶፊቱ ከክፈፉ ሥር ነው። ቀዝቀዝ ያለው አየር ከታች ገብቶ ሞቃቱን ወደ ላይ ያስወጣዋል። መብራት አይፈልግም። ጁላይ 2024 ሃሪኬን ቤሪል ሂውስተንን ሲመታ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት እንደጠፋባቸው አስታውሱ። በዚያ ሙቀት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ምንም አይጠቅምም።

ከሪጅ ቬንቶች ጂኤኤፍ ኮብራ፣ ሎማንኮና ኤር ቬንት የታወቁ ናቸው። ግን የአንድ ኩባንያ ሞዴል ሁሉ አንድ አይደለም። የሞዴሉን ስም ይዛችሁ የማያሚ-ዴድ ካውንቲ ማጽደቂያ፣ ማለትም ኤንኦኤ፣ እንዳለው የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። በነፋስ የሚገፋ ዝናብን የሚፈትሸው ታስ 100(ኤ) የሚባለው ፈተና ነው። ቴክሳስ ብትሆኑም ይህን ወረቀት ጠይቁ፤ አገጣጠሙም እዚያው ላይ ተጽፏል። ሩፈሩ ወረቀቱ ከሚያዘው ውጪ በአጭር ሚስማር ሊመታው ከፈለገ እሺ እንዳትሉ። ጣሪያችሁ የሸክላ ከሆነ ኦሄገን የሚባለውን ኩባንያ ቬንት እዩ።

ተርባይኑ፣ ያ የሚሽከረከረው፣ ርካሽ ነው፤ አየርም በደንብ ያወጣል። ችግሩ ሃሪኬን ሲመጣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚሽከረከረውን ክፍል መንቀልና ቀዳዳውን መክደን ያስፈልጋል። ነፋስ ከነቀለው ዝናቡ በቀጥታ አቲክ ውስጥ ነው። እናትና አባት ብቻቸውን ለሚኖሩበት ቤት በፍጹም አልመክርም። ግድግዳው አናት ላይ ያለው ጌብል ቬንትም ከማዕበሉ በፊት ከውጭ በፕላይውድ መሸፈን አለበት።

አሁን ሁሉም ችላ ወደሚለው ሶፊት ልምጣ። በ2004 ሃሪኬን ቻርሊ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ጣሪያቸው ሳይነሳ ውሃ የገባባቸው ብዙ ቤቶች ታይተዋል። የቪኒል ሶፊት ብዙ ጊዜ ጠርዙ ብቻ ቦይ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ነው። ነፋሱ ይገፋውና ይወድቃል። ከዚያ ዝናቡ ገብቶ ኢንሱሌሽኑን ያርሰዋል፤ ውሃ የጠጣው ሺትሮክም (የጂፕሰም ኮርኒሱ) ይወርዳል። ማጠናከሪያው ውድ አይደለም። ጠርዙን በፖሊዩረቴን ማጣበቂያና በማይዝግ ቡሎን ማሰር ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃችሁ ከሁሉ በፊት ይህን አሠሩ።

የአየር ማስወጫውን ክፍተት ስፋትም አስሉ። ሕጉ በመደበኛው ከአቲኩ ወለል 150 እጅ አንዱን ክፍት ይፈልጋል። ላይና ታች ከተመጣጠነ 300 እጅ አንዱ ይበቃል። 1,500 ስኩዌር ጫማ ከሆነ 5 ስኩዌር ጫማ ማለት ነው፤ ግማሹ ሶፊት፣ ግማሹ ሪጅ። ሪጅ ቬንት ስታስገቡ የድሮውን ተርባይንና ጌብል አስዘጉ። አለዚያ አየሩ በአቅራቢያው ካለው ቀዳዳ ገብቶ ይወጣል፤ የታችኛው ሙቀት አይነካም።

ጣሪያውን ከውስጥ በስፕሬይ ፎም ዘግቶ ቬንቱን ጨርሶ ማስቀረትም ይቻላል። የኤሲው ቱቦ አቲክ ውስጥ ከሆነ በጣም ይጠቅማል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ጣሪያው ሲያፈስም ቶሎ አይታይም።

ሠራተኛ ስትፈልጉ፦ ፍሎሪዳ ፈቃዱን በስቴቱ ድረ ገጽ አጣሩ። ማይ ሴፍ ፍሎሪዳ ሆም የሚባለውን የስቴቱን ፕሮግራምም ተመልከቱ፤ ነፃ ምርመራ አለው። ቴክሳስ ለሩፈር የስቴት ፈቃድ ስለሌለ ኢንሹራንሱንና የሠራቸውን ቤቶች ራሳችሁ ጠይቁ። በር አንኳኩቶ «ዲዳክቲብሉን (ከኢንሹራንሱ ክፍያ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) እኔ እችላለሁ» የሚላችሁን አሰናብቱት፤ ቴክሳስ ውስጥ ሕገወጥ ነው። ጋልቨስተን ያላችሁ ደግሞ ደብሊውፒአይ-8 ለሚባለው የነፋስ ኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ሥራው ሳይጀመር አመልክቱ። ኢንስፔክተሩ ሥራው እየተሠራ ማየት አለበት።