አያታቸው ያልኖሩባት አገር ለምን እንቅልፍ ትነሳቸዋለች?

አስጎብኚው (ጎንደር)፦
ሰላም ቤቶች። እንግዳ እንደ ድሮው ስለማይመጣ፣ አንድ ሰው ሲገኝ እስኪሰለቸው አወራዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል ከሚባል ከተማ የመጡ አርመን ሽማግሌ ይዤ ፋሲል ግቢ ገባሁ። ስለ ኮጃ ሙራድ ነገርኳቸው። ለአፄ ፋሲል፣ ለጻድቁ ዮሐንስና ለኢያሱ መልክተኛ ሆኖ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ድረስ የተላከ አርመን ነጋዴ ነው። ሰውዬው ግንቡን ተደግፈው ዝም አሉ።

ማታ ቢራ ይዘን ተቀመጥን። የትኛውን ፓርቲ ነው የሚደግፉት ስላቸው «ዳሽናክ» አሉኝ። እኔ ቢራ መስሎኝ ሁለተኛ ዳሽን አዘዝኩላቸው። ለካ በ1890 ቲፍሊስ ላይ የተቋቋመ የአርመን ፓርቲ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ቢራውን ግን ጠጡት።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። መጀመሪያ ኦቶማን ቱርኮች በ1915 አርመኖች ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ። ቱርክ አምና ካልተቀበለች ዕርቅ የሚባል የለም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2019፣ ባይደን በ2021 «የዘር ጭፍጨፋ ነው» ሲሉ አልቅሰዋል። ቀጥሎ ካራባክ፣ አርመንና አዘርባጃን የተዋጉበት ግዛት፤ እሳቸው አርትሳክ ነው የሚሉት። በመስከረም 2023 አዘርባጃን ስትይዘው ከ100,000 በላይ አርመን በጥቂት ቀን ውስጥ ነቅሎ ወጣ። እነሱ ይመለሱ፣ በአዘርባጃን ዋና ከተማ በባኩ የታሰሩት ይፈቱ ይላሉ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ የልጅ ልጆቻቸው አርመን እንዲያገቡ። ስለ አሜሪካ ግብር ብጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። አያታቸው የኻርፐርት ሰው ናቸው፤ ኻርፐርት ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት። እሳቸው ቤይሩት ተወልደው አሜሪካ አረጁ። የአርሜኒያን ዋና ከተማ የሬቫንን ያዩዋት ሁለት ጊዜ ነው። የአርሜኒያን ጠቅላይ ሚኒስትር ፓሺንያንን ግን ከቱርክና ከአዘርባጃን ጋር ልስማማ ስላለ ከሃዲ ይሉታል። ባንዳ የሚለውን ቃል ቢያውቁት ኖሮ በጣም ይወዱት ነበር። እዚያ የሚኖረው ሰውስ? ቱርክ በ1993 የዘጋችው ድንበር ተከፍቶ ቢነግድ፣ ልጁም ግንባር ሄዶ ባይቀርበት አይመርጥም?

የኔም አጎት አሜሪካ ነው። በየሳምንቱ እየደወለ «እንዳትንበረከኩ» ይለኛል። ዘይት ስንት እንደገባ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

የፒያሳ ልጅ (የአዲስ አበባው ፒያሳ!)፦
እኔ ያደግኩት የአርመን ጎረቤት ሆኜ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ ልጆች፣ ከዚያ ጭፍጨፋ የተረፉ የሙት ልጆች ነበሩ። ነሐስ የሚነፋ ባንድ ሆነው መጡ። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን መዝሙር ዜማ ሠራልን።

ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። ፖለቲካ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። በየዓመቱ ሚያዝያ 16፣ የጭፍጨፋው መታሰቢያ ቀን ብቻ ጥቁር ለብሰው ይወጣሉ። እናቴ አንድ ጊዜ «ተዝካራቸውን አላወጣችሁም እንዴ?» አለቻቸው። «የት ቆሜ ላውጣው?» አሏት። እናቴ ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 16 ሲሆን ቡና ይዛላቸው ትሄድ ነበር። እንግዳህ ይህን ቢሉህ ይሻል ነበር፣ ፓሺንያንን ከሚሰድቡልህ።

ዲያቆን ዘጎንደር፦
ቤተ ክርስቲያኗን ሦስተኛ ላይ ማስቀመጥህ ልክ አይመስለኝም፤ አሁን ጠቡ እዚያው ነው። ፓሺንያን ካቶሊኮሱን (እንደኛ ፓትርያርክ ማለት ነው) ካሬኪን ዳግማዊን ውረዱ ብሏቸዋል። ተቃውሞ የመሩት ሊቀ ጳጳስ ባግራት ጋልስታንያን በሰኔ 2025 መንግሥት ሊገለብጡ ነበር ተብለው ታሰሩ። ለወግ አጥባቂ አርመን ይሄ ከድንበሩ እኩል ያመዋል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አርመን አገር ሄደው ያረፉት እኮ ሃይማኖታችን አንድ ስለሆነ ነው።

ደግሞ እነሱም ንጹሕ አይደሉም። በ1933 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የአርመን ሊቀ ጳጳስ ቅዳሴ ላይ ተወግተው ሞቱ። የተፈረደባቸው ዳሽናኮች ናቸው። አሜሪካ ያለው አርመን እስከ ዛሬ በሁለት መንበር ተከፍሎ ይቀድሳል። የኛ ሲኖዶስ ሁለት ሆኖ ከርሞ በ2018 የታረቀው ዋሽንግተን አይደል? ስለዚህ ብዙም አንሳቅ።

ዲሲ ያለሁት ጎንደሬ፦
አጎትህን ተወው ወንድሜ። እኔም አጎት ነኝ።

ያ ሰውዬ የአርሜኒያ ዜጋ እንኳ ቢሆን ከውጭ ሆኖ እዚያ መምረጥ አይችልም። የሚችለው እዚህ ኮንግረስን መነዝነዝ ነው። በ1992 ለአዘርባጃን መንግሥት የአሜሪካ ርዳታ የሚከለክል አንቀጽ አስወጥተዋል፣ አንቀጽ 907። ከ2002 ጀምሮ ፕሬዚዳንቶች እየፈረሙ ሲያልፉት ኖሩ። እነሱ ግን ደብዳቤ መጻፋቸውን አልተዉም። እኛ በመቶ ሰው ሰልፍ ወጥተን ማታ ተጣልተን እንበተናለን።

ከሩቅ ሆነን የምንወዳት የትዝታችንን አገር ነው ለማለት ከሆነ ግን እውነትህን ነው። እኔ በ20 ዓመቴ ነው የወጣሁት። የአዘዞ መንገድ ባሕር ዛፍ በኔ ጭንቅላት አሁንም ቆሟል። ታናሽ ወንድሜ ተቆርጧል ሲለኝ ዋሸህ ብዬ ስልክ ዘጋሁበት።

አስጎብኚው፦
ባሕር ዛፉ እውነት ተቆርጧል ጋሼ፣ ይቅርታ።

ሽማግሌውን በዋትሳፕ «ኻርፐርት ሄደው ያውቃሉ?» አልኳቸው። አንዴ ሄደዋል። የአያታቸው ሠፈር ነው የተባለው ቦታ ላይ የሞባይል ሱቅ አገኙ። ምን እንደሚሉ ስለጠፋቸው ቻርጀር ገዝተው ወጡ። ፎቶውን ላኩልኝ፣ የቻርጀሩን።

አጎቴ ደግሞ ማታ ደወለ። ሳይጠይቀኝ የዘይቱን ዋጋ ነገርኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።