ክርክር፦ ጨቅላ ልጅን ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ማናገር ይገባል?

አወያይ፦ ጥያቄው የመጣው ከአንድ የቡድናችን አባል ነው። አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለቻቸው። ያሰቡት መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ሲቀበል በእንግሊዝኛ እያናገረ ይፈትናል። ስለዚህ «እኔና ባለቤቴ ከዛሬ ጀምሮ አማርኛውን ትተን በእንግሊዝኛ ብቻ ብናናግራትስ?» ይላሉ። ተከራከሩ፤ መሰዳደብ ግን አይፈቀድም።

የገርጂው አባት፦ ያለ ማመንታት አዎ እላለሁ። ኤሪክ ሌነበርግ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደጻፈው አንጎል ቋንቋን ያለ ልፋት የሚቀበልበት ዕድሜ አለ፤ ከጉርምስና በኋላ ይከብደዋል። በ1989 ጆንሰንና ኒውፖርት ከኮሪያና ከቻይና ወደ አሜሪካ የገቡ 46 ሰዎችን በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈትነው ነበር። እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ የገቡት ከአገሬው ተወላጅ አልተለዩም፤ አድገው የገቡት ወደ ኋላ ቀሩ። እኛ እንግሊዝኛን በዱላ ተምረን ዛሬም ስብሰባ ላይ አንገታችንን እንደፋለን። ልጆቻችን ለምን ይድገሙት? አማርኛውን እንደሆነ ከአያቷም ከጎረቤትም ትለቅመዋለች።

የቋንቋ መምህርት፦ የጠቀሱት ጥናት ትክክል ነው። የለካው ግን የገቡበትን ዕድሜ ነው እንጂ ወላጆቻቸው ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንዳወሩ አይደለም።

ስለ ስምንት ወር ዕድሜ ካነሳን የሚሻለው ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 ያወጡት ጥናት ነው። ካናዳ ውስጥ እንግሊዝኛ እየሰሙ የሚያድጉ ሕፃናትን ከአንድ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የተወሰዱ ሁለት ድምፆች አሰሟቸው። አንዱ የእኛን «ቀ» የመሰለ ነው፤ ሌላው ከእርሱ ጠለቅ ብሎ ከጉሮሮ በኩል የሚወጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አዋቂዎች ልዩነቱን መስማት ተቸገሩ። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያሉት ሕፃናት ግን ለዩት! ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ያሉት እንደገና እንደ አዋቂዎቹ ሆኑ። አንጎል በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ አዘውትሮ የሚሰማቸውን ድምፆች እያጠራ፣ የማይሰማቸውን ችላ ማለት ይጀምራል ማለት ነው። ይህች ልጅ አሁን እዚያው ላይ ናት። ታዲያ ጆሮዋን በማን እንግሊዝኛ ልንቀርጸው ነው? «ስብሰባ ላይ አንገታችንን እንደፋለን» ያሉት እርስዎ ነዎት።

የሶፍትዌር ባለሙያው፦ መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። ወላጆች አማርኛ ያውሩ፤ እንግሊዝኛውን ከቴሌቪዥን ትስማ። የልጆች ፊልም ሞልቷል፤ አነጋገሩም የተወላጅ ነው።

የቋንቋ መምህርት፦ ተሞክሯል ወንድሜ። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ባወጡት ጥናት የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ25 ደቂቃ ያህል ማንዳሪን ቻይንኛ ሰሙ። ከፊታቸው ተቀምጦ የሚያጫውታቸው ሰው የነበራቸው የቻይንኛውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ሰው በቪዲዮ ያዩት፣ ድምፁን ብቻ የሰሙትም፣ ምንም አልተማሩም። ጨቅላ ልጅ ቋንቋ የሚማረው ዓይኗን እያየ ከሚመልስላት ሰው ነው።

እናት ከቨርጂኒያ፦ እዚህ ላይ እኔም ልግባ። የመጀመሪያ ልጄ አፉን ለመፍታት ሲዘገይ አንድ ባለሙያ «ሁለት ቋንቋ አደናግሮታል፤ አንዱን ተዉ» አለን። የተተወው አማርኛው ነው። በኋላ ሳነብ ግን የሁለት ቋንቋ ልጆች የቃላት ብዛት መቆጠር ያለበት በሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ እንደሆነ፣ እንደዚያ ሲቆጠርም ከአንድ ቋንቋ ልጆች እንደማያንስ አየሁ። እናቴ ከጎንደር ስትደውል ልጁ ስልኩን ለእኔ ያቀብላል። የገርጂው ወንድሜ «ትለቅመዋለች» ያሉት እዚህ አይሠራም።

የገርጂው አባት፦ ቨርጂኒያ ሌላ ነው እህቴ፣ እረዳሻለሁ። በልጅነታቸው ፈረንሳይ ውስጥ በጉዲፈቻ ያደጉ ኮሪያውያን አድገው ሲፈተኑ ኮሪያኛን ከማያውቁት ቋንቋ እንዳልለዩት አንብቤአለሁ፤ አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይም ከፈረንሳዮቹ የተለየ ነገር አልተገኘበትም። ነገር ግን እነርሱ ቋንቋቸው ጨርሶ ተቋርጦባቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ በመስኮት ይገባል! ደግሞ በ2018 670,000 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ምን አለ? እንደ ተወላጅ ለመናገር ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መጀመር ያስፈልጋል።

የቋንቋ መምህርት፦ ያው ጥናት ሰዋስው የመማር ችሎታ እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ እንደማይደክምም ይናገራል። ቢሆንም የእርስዎን ቁጥር ልቀበል፤ ከስምንት ወር እስከ አሥር ዓመት ስንት ዓመት አለ? እንግሊዝኛውን ማን ከለከላት? የተቃወምኩት አማርኛውን «ትተን» የሚለውን ነው።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ያደገችው ናይሮቢ ስለሆነ እንግሊዝኛዋ ከእኔ በጣም ይሻላል። እርሷ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ ብንከፋፈልስ?

የቋንቋ መምህርት፦ ባለቤትዎ ሲስቁም ሲቆጡም እንግሊዝኛው ካልጎረበጣቸው በደስታ። እርስዎ ግን በአማርኛዎ ይቆዩ።

የገርጂው አባት፦ መልካም። መዋዕለ ሕፃናቱ «እንግሊዝኛዋ አልበቃም» ብሎ ቢመልሳት፣ መምህርት፣ እርስዎ ሄደው ይከራከሩላቸዋል?

የቋንቋ መምህርት፦ ይደውሉልኝ፣ እሄዳለሁ። የሦስት ዓመት ሕፃን በፈተና የሚመልስ ሰው ፊት ለፊት አግኝቼ አላውቅም፤ ብዙ የምጠይቀው አለኝ።