«አባቶቻችን ታኮ አላደረጉም»

የጉለሌ ልጅ፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። አቅራቢው ባለ ረጅም ታኮ ቦት ጫማ አድርገው መድረክ ስለሚወጡ የውጭ አገር ወንድ ዘፋኞች ያወራል። ሲጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ታኮ ከጥንትም የሴት ነው። አባቶቻችን ታኮ አላደረጉም።» ተሳፋሪው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ተቃጠልኩ። ታኮ ከጥንት የሴት አይደለም፣ የፈረሰኛ ነው! የፋርስ ፈረሰኞች ናቸው ያደርጉት የነበሩት። ተረከዙ እርካቡን ቆልፎ ይይዛል፤ ሰውዬው ኮርቻው ላይ ብድግ ብሎ ቀስቱን ስቦ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1599 የሻህ አባስ መልእክተኞች ወደ አውሮፓ ሲሄዱ የአውሮፓ መኳንንት በፋርስ ነገር አብደው ነበር። ታኮውንም ወሰዱት። ሴቶቹ ከወንዶቹ ነው የቀዱት። ማይክ የያዘ ሰው ትንሽ አንብቦ ቢመጣ ምናለበት?

ጋሜ፦ በናትህ ታክሲ ውስጥ የሚያናድድ ነገር ጠፍቶ ነው? ወረፋው፣ ሂሳቡ፣ መልሱ… አንተ በታኮ ተናደድክ። ሃሃ

የሳሚ እናት፦ ፋርስ ምን አገባን? ሰውዬው ያለው «አባቶቻችን» ነው። የኛ አባቶች። ያንተ አያት ፋርስ ነበሩ እንዴ?

የጉለሌ ልጅ፦ የኔ አያትማ ታኮ አላደረጉም። ጫማም አላደረጉም።

ባለ ጋቢው፦ ቆይ ቆይ። በአባቶቻችን ባዶ እግር ማላገጥ ተጀመረ? ያ ባዶ እግር ነው አድዋ ድረስ ሄዶ ነጭ ያባረረው። አንተ ዛሬ በስኒከር ታክሲ ትጋፋለህ።

የጉለሌ ልጅ፦ ጋሽዬ አላላገጥኩም። «አባቶቻችን አላደረጉም» ከተባለ ስኒከሩንም አላደረጉም ማለቴ ነው። መነጽሩንም። የሚጽፉበትን ስልክም።

ባለ ጋቢው፦ «ጫማም አላደረጉም» ብለሃል። እዚሁ ተጽፏል። አታጥፋው።

ሜሪላንድ፦ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። የትኛው ነው አባታችን? የሮሙ ነው የቶኪዮው?

ባለ ጋቢው፦ ሁለቱም። በሁለቱም ግን ታኮ አልነበረውም።

ጋሜ፦ ጋሽ ባለ ጋቢ 1፣ ሜሪላንድ 0።

ሜሪላንድ፦ እሺ ንጉሥ ላምጣ። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ። እ.ኤ.አ. በ1701 የተሳለው ትልቁ ሥዕሉ ሉቭር ተሰቅሏል። ነጭ ካልሲ፣ ታኮው ቀይ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ «እዩኝ» ይላል። ቀይ ታኮ የቤተ መንግሥት ባለሟል ምልክት ነበር። ሴታሴት ብሎ የሰደበው የለም። ወንዶቹ እየተዉት የመጡት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ካውቦዩ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተወውም፤ ጫማው ታኮ አለው። እዚህ ቴክሳስ የሚባል አገር አለ፣ ሄዳችሁ «የሴት ጫማ አድርገሃል» በሏቸው እስቲ።

ባለ ጋቢው፦ የሉዊዎችን መጨረሻ አይተናል። 16ኛው አንገቱን ተቆርጧል።

ሜሪላንድ፦ በታኮው ምክንያት አይደለም እኮ!

ባለ ጋቢው፦ እኔ መቼ በታኮ አልኩ?

ሜሪላንድ፦ እያሉ ነው።

የእንጅባራ ፈረሰኛ፦ ስለ እርካብ ከተነሳ እኔም አለሁበት። አገራችን እንጅባራ ጥር 23 ፈረስ የሚጋለብበት ነው። ድሮ የኛ ሰው ጫማ አድርጎ አልነበረም የሚጋልበው። እርካቡ ትንሽዬ ቀለበት ናት። አውራ ጣት ብቻ ነው የሚገባባት። አያቴ ሲጋልብ ያችን ጣት ቆልመም አድርጎ ያስገባል፣ በቃ፣ ከፈረሱ ጋር ተሰፋ። አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ተለይታ ወደ ጎን የሄደች ነበረች። በዚያ እርካብ ታኮ ምን ይሠራል? ስለዚህ አባቶቻችን ታኮ ያላደረጉት ጨዋ ስለሆኑ አይደለም። እርካባቸው ስለጠበበ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦ ይሄን ሰው ሬዲዮ ላይ አስገቡልኝ!!!

ባለ ጋቢው፦ እርካብም ጨዋነትም። ሁለቱም።

የሳሚ እናት፦ ታሪኩን ተዉትና ቃሉን ስሙ። ዘዳግም 22 ቁጥር 5፤ ሴት የወንድን ልብስ አትልበስ፣ ወንድም የሴትን አይልበስ ይላል። አለቀ።

ሰሎሜ፦ እትዬ፣ ትንሽ ወረድ ይበሉ። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 11 የበግ ጠጉርና ተልባ እግር ተቀላቅሎ የተሠራ ልብስ ይከለክላል። የኮትዎን ምልክት አንብበው ያውቃሉ?

የሳሚ እናት፦ ጥቅስ ለመበሻሸቂያ አይደለም ሰሎሜ።

ሰሎሜ፦ መጀመሪያ ማን አመጣው?

ጋሜ፦ እትዬ፣ ባለፈው እንጦጦ የተነሱት ፎቶ ላይ የለበሱት ጂንስ አልነበረም?

የሳሚ እናት፦ እሱ የሴት ሱሪ ነው! ለሴት ተብሎ የተሰፋ!

ጋሜ፦ የዘፋኙም ቦት ጫማ የወንድ ታኮ ነው። በ44 ቁጥር የተሠራ።

የሳሚ እናት፦ አይገናኝም።

ሰሎሜ፦ እንዴት ነው የማይገናኘው? እናቴ ወጣት ሆና ሱሪ ስትለብስ ሰፈሩ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? አሁን ግን «የሴት ሱሪ» ሆነ። ማን አደረገው? ለባሾቹ ናቸው እኮ።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ መጋቢት 1960 ዓ.ም. ነበርኩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ተማሪው «የባዕድ ባህል ነው» ብሎ ተነሳ፤ ሴቶቹ ተሰደቡ፣ ተዋከቡ። ነገሩ በዚያው ወደ ትልቅ ረብሻ ሄደ። እኔም ከጮሁት አንዱ ነኝ። ለብሼ የነበረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ኮትና ሱሪ። ያን ዕለት ኮቱ የባዕድ መሆኑ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ እኛው ራሳችን አፍሮ አበጥረን በቤልቦተም ሱሪ ፒያሳ ላይ ወጣን። ሶሉ ወፍራም፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ነበረኝ። ከዳገት ስወርድ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ።

ጋሜ፦ ፎቶ! ፎቶ! ፎቶ!

ጡረተኛው፦ ተቃጥሏል።

ሜሪላንድ፦ ማላዊ ውስጥ ቢሆኑ ይታሰሩ ነበር። ፕሬዚዳንት ባንዳ እ.ኤ.አ. በ1973 ሴት ሱሪ እንዳትለብስ፣ ወንድ ፀጉሩን እንዳያስረዝም ሕግ አውጥቶ ነበር። ቤልቦተምም ክልክል ነበር።

ጋሜ፦ ስሙ ራሱ ባንዳ ነው።

ባለ ጋቢው፦ ስሙ ባይመችም ሥራው አይከፋም። ዛሬ ታኮ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

ሰሎሜ፦ ምን ይመጣል? ይጨርሱት።

ባለ ጋቢው፦ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሰሎሜ፦ አላውቅም። ሰው በጫማው ስም አይወጣለትም። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው ነበር። እሳቸውንም «ነገ ምን ይመጣል» ይበሏቸው።

ባለ ጋቢው፦ የሳቸው የጀግና ሹሩባ ነው! በአንድ አፍ አትጥሪው!

ሰሎሜ፦ ዛሬ አንድ ልጅ ሹሩባ ተሠርቶ ለሽምግልና ቢመጣ ልጅዎን ይሰጡታል?

ባለ ጋቢው፦ እሱ ሌላ ነው።

ጫማ ሰፊው፦ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። መጀመሪያ ነገር ታኮ የጣልያን ቃል ነው። አባቶቻችን ያባረሩት ጣልያን ቃሉን ጥሎልን ሄደ።

ጋሜ፦ ታኮ ማለት ዳገት ላይ ረዳቱ ጎማ ሥር የሚወሽቀው ድንጋይ አይደለም እንዴ?

ጫማ ሰፊው፦ እሱም ታኮ ነው። ሁለቱም እንዳትንሸራተት ይደግፋሉ። ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሠርግ ሲደርስ ሙሽሮች እኔ ጋ ይመጣሉ። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠብቀው ነው የሚገቡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ፣ እንዳይታይ ግን» ይላሉ። ቡሽ እቆርጣለሁ። ሁለት ሦስት ድርብ በማስቲሽ አጣብቄ ከውስጥ ተረከዙ ሥር እከተዋለሁ፣ ከላይ ስስ ቆዳ አለብሰዋለሁ። 4 ሴንቲ ይጨምራል። ከውጭ ሲያዩት ጠፍጣፋ ጫማ ነው። ቢሮ የሚሠሩም ይመጣሉ። የጸሎት ቤት ሰውም መጥቶ ያውቃል። እና ታኮ የሴት ነው ስትሉ እኔ እስቃለሁ።

የጉለሌ ልጅ፦ አለቀ! ወንዱ ታኮ ያደርጋል፣ ደብቆ ነው እንጂ!

ባለ ጋቢው፦ «እንዳይታይ» ነው ያለው። ልብ በል። እንዳይታይ። ይሉኝታ ያለው ሰው ነው። የናንተ ዘፋኝ እንዲታይ ነው የሚያደርገው።

ሰሎሜ፦ ስለዚህ ጥፋቱ ታኮው ሳይሆን መታየቱ ነው?

ባለ ጋቢው፦ እንደዚያ አላልኩም።

የጉለሌ ልጅ፦ ብለዋል። እዚሁ ተጽፏል። አያጥፉት።

የሳሚ እናት፦ ቆይ፣ የየትኛው ጸሎት ቤት ሰው ነው?

ጫማ ሰፊው፦ የደንበኛ ምስጢር ነው። ይልቅ ጋሜ፣ ሶል የቀየርኩልህ ጫማ ካለቀች 3 ሳምንቷ። ቦታ ይዛብኛለች።

ጋሜ፦ ነገ።

ጫማ ሰፊው፦ ባለፈውም ነገ ብለሃል።

ባለ ጋቢው፦ ወሬ አታስቀይሱ። ለጥያቄዬ አልተመለሰልኝም። አባቶቻችን ታኮ አድርገዋል ወይስ አላደረጉም?

የእንጅባራ ፈረሰኛ፦ አላደረጉም አልን እኮ ጋሽዬ! እርካቡ…

የሳሚ እናት፦ ይኸው ወደ እርካብ ተመለስን።